ያልተቈጠረ ዘመን

ሰው በሥራው የሚቈይበት ዘመን እንደ ሥራው ጠባይ ይለያያል። ጸሐፊ እጁ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይጽፋል፤ ገበሬ ጕልበቱ ሲደክም ዕርፉን ለልጁ ያስረክብና እርሱ የዝናቡን መምጫና የዘሩን ጊዜ እየተናገረ ያገለግላል፤ መምህርም ድምፁ ቢሰልል እንኳ ዕውቀቱ ከዕድሜው ጋር እየበሰለ ስለሚሄድ ተማሪ አያጣም። በክንዱ ጅማት የሚተዳደር ሰው ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሀብቱ ሁሉ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፥ ዛሬ ያለው ነገ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ዓመት ማለት ለሌላው ዐሥር ዓመት ማለት ነው ብንል እጅግ የተጋነነ አይሆንም።

በዚህ ጽሑፍ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንወያይበት የመረጥነው ሰው በክንዱ ሲተዳደር የኖረ አሜሪካዊ ነው። ስሙ ሌሮይ ሮበርት ፔጅ ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ሳቸል ፔጅ በሚለው ቅጽል ነው። ሙያውም በቤዝቦል ጨዋታ ኳስ መወርወር ነበረ። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ቢመስልም፥ በውስጡ የአገልግሎት፥ የዕድሜና የመዝገብ ጥያቄ ስላለበት፥ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠም ሆነ በክፍል ውስጥ ጠመኔ የያዘ፥ ገና ደብተሩን ያነገተም ተማሪ የሚያስብበት ነገር አያጣበትም ብለን እናምናለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስነው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቤዝቦል በአገራችን የተለመደ ጨዋታ አይደለም። እኛ ራሳችን መጀመሪያ ያየነው በተማሪነታችን ዘመን፥ ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን ይመጡ ከነበሩት የሰላም ጓድ መምህራን አንዱ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በቆዳ የተሰፋች ትንሽ ኳስ እየወረወረ ባሳየን ጊዜ ነው። ዱላና ኳስ አንድ ላይ ስናይ ነገሩ የገና ጨዋታ መሰለን። ይሁን እንጂ በገና ጨዋታ ኳሷ መሬት ለመሬት ስትሄድ፥ በዚህኛው ከሰው እጅ ተስፈንጥራ በአየር ላይ ወደ መቺው ትመጣለች፤ የጨዋታውም ብርቱ ነገር ያለው በዱላው ሳይሆን ኳሷን በሚለቃት እጅ ላይ መሆኑን በኋላ ተረዳን። መምህራችን የሳቸል ፔጅን ስም ያነሣልንም ያን ጊዜ ነበር።

ጨዋታውን ላላየው አንባቢ በአጭሩ እንግለጥለት። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሉአቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። ወርዋሪው በሜዳው መካከል ባለች ዝቅተኛ ጕብታ ላይ ቆሞ፥ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ርቆ ወደ ቆመው መቺ ኳሷን ይልካል። ከመቺው ኋላ ቀላቢው ቁጢጥ ብሎ በወፍራም የቆዳ ጓንት ይጠብቃል። በፈጣን ወርዋሪ እጅ የተለቀቀች ኳስ ከመቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም፤ መቺው ልምታት ወይስ ልለፋት ብሎ የሚቈርጠው በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ የሳተ መቺ ይወጣል፤ በአንድ ዙር ሦስት ሰዎች ሲወጡ ተራው ይለወጣል፤ አንድ ጨዋታም ዘጠኝ ዙር አለው። እንግዲህ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚወረውር ሰው 27 ሰዎችን ማስወጣት ይጠበቅበታል ማለት ነው።

የወርዋሪ የሥራ መንገድም እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። ወጣቱ በዐሥራ ስምንት ወይም በሃያ ዓመቱ ግድም ከአንድ ቡድን ጋር ይዋዋልና ወደ ታናናሾቹ ሊጎች ይላካል። በዚያም በትናንሽ ከተሞች መካከል በአውቶቡስ እየተንከራተተ፥ በትንሽ ደመወዝ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመውጣት ይጥራል። ብዙዎቹ ዋናዎቹን ሊጎች ሳያዩ ይቀራሉ። የደረሱትም ቢሆኑ ጊዜያቸው አጭር ነው፤ ኳስ አጥብቆ መወርወር ክንድን ከተፈጥሮው ውጭ የሚያስጨንቅ ሥራ ስለሆነ፥ የክርን ጅማት እየላላ ወይም እየተበጠሰ ስንቱን ባለሙያ ከመንገድ አስቀርቶታል። በ1974 ፍራንክ ጆብ የተባለው ሐኪም ቶሚ ጆን የተባለውን ወርዋሪ ክርን ከሌላው ክንዱ በወሰደው ጅማት ከጠገነለት በኋላ ሰውየው በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ሊጫወት ቻለ፤ ከዚያ በፊት ግን እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ወርዋሪ ሌላ እንጀራ ከመፈለግ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በአጠቃላይ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሚዘልቅ ጥቂት ነው። አንባቢው ይህን ልክ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የፔጅን ነገር የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነውና።

ፔጅ የተወለደው በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ በጁላይ 7 ቀን 1906 ነው። ለወላጆቹ ከዐሥራ ሁለት ልጆች ሰባተኛው ነበር። ቤታቸው ድኻ ስለ ነበረ ገና በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኞችን ሻንጣ እየተሸከመ ሳንቲም ይለቅም ጀመር። በአንድ እንጨት ላይ ገመድ አስሮ ብዙ ሻንጣ በአንድ ጊዜ ይሸከም ስለ ነበረ፥ ሳቸል የሚለው ስም ከዚያ እንደ ወጣለት እርሱ ራሱ ተናግሯል፤ ቃሉ የእጅ ሻንጣ ማለት ነው። ካደገ በኋላ ዕድሜውን የሚጠይቁትን ሰዎች ደግሞ፥ የልደቱ ቀን የተጻፈበትን የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ፍየል እንደ በላባቸው በመንገር ያሾፍባቸው ነበር። የልጅ ልደት በዳዊት ኅዳግ ላይ በሚጻፍበት አገር ላደግነው ለእኛ ቀልዱ እንግዳ አይሆንብንም። ነገር ግን ዕድሜ ሀብት በሚቀንስበት ሙያ ውስጥ ዕድሜን የሚበላ ፍየል ማግኘት መልካም ዕድል እንጂ ጥፋት አለመሆኑን አንባቢው ይገነዘባል።

ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደ ሞላው፥ በ1918፥ ከአንድ ሱቅ ርካሽ የመጫወቻ ቀለበቶች ሰርቆ በመያዙና ከትምህርት ቤትም ይቀር ስለ ነበረ፥ በማውንት ሜግስ ወደሚገኘው የጥቁር ልጆች መቀጫና ማረሚያ ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያም ከአምስት ዓመት በላይ ቈየ። ይሁን እንጂ የመወርወርን ሥራ በሥርዐት የተማረው በዚያ ቤት ነው። ኤድዋርድ ባይርድ የተባለው አሠልጣኝ ቁመተ ረጅሙንና ቀጭኑን ልጅ አይቶ፥ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ ክንዱን እንዴት እንደሚዘረጋ፥ የመቺውንም ጕልበት እየተመለከተ ድክመቱን እንዴት እንደሚያውቅ አስተማረው። መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ በሉልን፤ ለቅጣት የተላከ ልጅ ሙያ ይዞ ሊወጣ የቻለው አንድ ሰው ከጥፋቱ ይልቅ ተሰጥኦውን ስለ ተመለከተ ነው።

በ1926 ፔጅ በቻታኑጋ ከተማ ለሚገኝ የጥቁሮች ቡድን ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ በዋናዎቹ የአሜሪካ ሊጎች ውስጥ ጥቁር ተጫዋች አይገባም ነበር። ይህን የሚል አንቀጽ ግን በሕጋቸው መጽሐፍ አልነበረም፤ የቡድን ባለቤቶች ከዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እርስ በርሳቸው የተግባቡበት ያልተጻፈ ውል ነበረ። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የተጻፈውን አንቀጹን ጠቅሶ መከራከር ይቻላል፤ ያልተጻፈው ግን ሲጠየቅ «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ይህን ዐይነቱን መልስ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጥቁሮቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ራሱ ወርዋሪ የነበረው አንድሪው ፎስተር በ1920 በካንሳስ ሲቲ የቡድን ባለቤቶችን ሰብስቦ የጥቁሮችን ብሔራዊ ሊግ መሠረተ። ጨዋታው ድንቅ ነበረ፤ ኑሮው ግን መከራ ነበረው። ተጫዋቾቹ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጕዘው ቀን ይጫወታሉ፤ በብዙ ከተሞች ሆቴል አያሳድራቸውም፥ ምግብ ቤትም አያስገባቸውም ነበርና በመኪናቸው ውስጥ ተኝተው ደረቅ ምግብ የሚበሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ፔጅም በበርሚንግሃም፥ በፒትስበርግ፥ በካንሳስ ሲቲ ቡድኖች ተጫወተ፤ ክረምት ከበጋ ሳይል ገንዘብ ወደ ጠራው ስፍራ ሁሉ ሄደ፤ በ1937 እስከ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድረስ ተሻግሮ የወረወረበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የሚከተለው ነው። የዓመቱ ውድድር ካለቀ በኋላ የዋናዎቹ ሊጎች ነጮች ለትርፍ ገንዘብ ብለው የራሳቸውን ቡድን እያሰባሰቡ ከጥቁሮቹ ጋር በየከተማው ይጋጠሙ ነበር። ዲዚ ዲንና ቦብ ፌለር የመሳሰሉት ስመ ጥር ወርዋሪዎች ከፔጅ ጋር እየተፎካከሩ ተጫውተዋል፤ ችሎታውንም በአንደበታቸው መስክረዋል። እንግዲህ ፔጅ ማን እንደ ሆነ አላወቁም ነበር ሊባል አይችልም። በመከር የሚያደንቁትን ሰው በጸደይ አያውቁትም ነበር።

በ1938 በሜክሲኮ ሲጫወት ክንዱ ታመመ። ሕመሙ እየጠና ሄዶ እጁን ማንሣት እስኪያቅተው ደረሰ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ወዲህ አትወረውርም አለው። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ነው። የሚያውቀው ሥራ መወርወር ብቻ ለሆነ ሰው ይህ የሞት ያህል ነበረ። የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ባለቤት ዊልኪንሰን ግን በሁለተኛ ቡድኑ ውስጥ አስገብቶ በየትናንሹ ከተማ ያዞረው ጀመር፤ ሕዝቡ ስሙን ሰምቶ ይመጣል፥ እርሱም ጥቂት ዙር በዝግታ ይወረውራል። ከዕለታት አንድ ቀን ክንዱ ተመለሰለት። ነገር ግን የተመለሰው የቀድሞው ፔጅ ብቻ አልነበረም፤ በታመመበት ጊዜ ኳስን ማዘግየትን፥ ማጣመምን፥ መቺውን ማታለልን ተምሮ ነበርና፥ ቀድሞ በጕልበት ብቻ ያደርገው የነበረውን ከዚያ በኋላ በብልኀት ጭምር አደረገው። በ1942ም ሞናርክስ በጥቁሮች ሊግ የፍጻሜ ውድድር ሆምስቴድ ግሬይስን ሲያሸንፍ ከዋናዎቹ ተዋጊዎች አንዱ እርሱ ነበረ።

በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ በመሰለፉ ያ ያልተጻፈ ውል ተሰበረ። ሮቢንሰን በ1945 በሞናርክስ የፔጅ ባልደረባ ነበረ። ብሩህና የተማረ ሰው ስለ ሆነ ምርጫው ትክክል መሆኑን ማንም አይክድም። ፔጅ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሕዝብ ሲያስደንቅ ኖሮ፥ በሩ ሲከፈት ሌላ ሰው ሲገባ በማየቱ እንዳዘነ በ1962 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሳይደብቅ ጽፏል። እኛም ይህን ስናነብ ቅናት ነው ብለን ለመንቀፍ አልደፈርንም። የራሱን ሐዘን ሳይሸሽግ የተናገረ ሰው ከሐዘኑ በላይ ነውና።

ከፔጅ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የጆሽ ጊብሰን ነገር ነው። ጊብሰን ቀላቢና መቺ ሲሆን፥ በጥቁሮች ሊግ ውስጥ በዱላ አቻ አልነበረውም። በፒትስበርግ ከፔጅ ጋር በአንድ ቡድን ተጫውቷል፤ በኋላም ባላንጣዎች ሆነው ተጋጥመዋል። እርሱ የሞተው በጃኑዋሪ 20 ቀን 1947፥ በሠላሳ አምስት ዓመቱ፥ ሮቢንሰን ወደ ሜዳ ከመግባቱ ሦስት ወር ሳይሞላ ቀድሞ ነው። በአገራችን «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ፔጅን እያየን ትዕግሥትን ብቻ ስናመሰግን ጊብሰንን እንዳንረሳ ያስፈልጋል። እርሱም ታግሦ ነበር። የትዕግሥቱን ፍሬ ለመብላት ከችሎታ ሌላ ዕድሜም ያስፈልጋል፤ ዕድሜን ደግሞ ማንም ለማንም ሊያበድር አይችልም።

ፔጅ አርባ ሁለት ዓመት በሞላው ቀን፥ በጁላይ 7 ቀን 1948፥ የክሊቭላንድ ቡድን ባለቤት ቢል ቪክ አስፈረመው። በዋናዎቹ ሊጎች ጀማሪ ሆኖ የገባው እንግዲህ ሌሎች ወርዋሪዎች ሥራቸውን ትተው ቤታቸው በሚቀመጡበት ዕድሜ ነው። አንድ የታወቀ የስፖርት ጋዜጣ አሳታሚ ይህን ያህል ያረጀን ሰው ማስገባት ጨዋታውን ማዋረድ ነው ብሎ ጻፈ። መልሱን የሰጠው ክንዱ ነበረ። በጁላይ 9 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ሁለት ዙር ያለ ምንም ነጥብ አሳለፈ። በኦገስት 3 ቀን ጨዋታ ከፋች ሆኖ ሲሰለፍ 72,434 ሰው ሊያየው መጣ፤ በኦገስት 20 ቀን ደግሞ ቺካጎን አንዲት ነጥብ ሳያስቈጥር ሲያሸንፍ የተመልካቹ ቍጥር 78,382 ደረሰ። በዚያ ግማሽ ዓመት ስድስት ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ በየዘጠኙ ዙርም በእርሱ ስም የሚቈጠረው ነጥብ በአማካይ 2.48 ብቻ ነበረ። ክሊቭላንድ የዚያን ዓመት የፍጻሜ ውድድር ሲያሸንፍ ፔጅ በአምስተኛው ጨዋታ ለጥቂት ጊዜ ገብቶ፥ በዚያ ውድድር ላይ የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ በደስታ ይጨርሱታል። እኛ ግን ገና አንድ ጥያቄ ይቀረናል። ፔጅ በአርባ ሁለት ዓመቱ ይህን ከሠራ በሃያ አምስት ዓመቱ ምን ይሠራ ነበር? በክሊቭላንድ ስታዲዮም የተሰበሰበው ያ ሁሉ ሕዝብ ያጨበጨበው ላየው ነገር ነው፤ ሳያየው ስላለፈው ግን የሚያጨበጭብ አልነበረም።

ይህን ስናስብ ከዐይናችን የማይጠፉ አንድ ሰው አሉ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸው ነበር። የመዝገቦቹን ቍጥር በቃላቸው ያውቁታል፤ አለቆች እንኳ የጠፋ ፋይል ሲፈልጉ ወደ እርሳቸው ይልኩ ነበር። የጡረታቸው ጊዜ ሲደርስ ግን በቀን ሠራተኛነት ያገለገሉአቸው የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አንድ ዓመታት በቋሚ መዝገብ ስላልተጻፉ አይቈጠሩም ተባለ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ጠረጴዛችን መጡና ሁለት ጊዜ አስነበቡን። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ «ልጄ፥ ያን ጊዜ የተሸከምሁት መዝገብ አይከብድም ነበር ማለት ነው?» አሉን። እኛም የደንቡን ቍጥር ልንነግራቸው እንችል ነበር፤ ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልነበረንም።

የፔጅ ነገርም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ከክሊቭላንድ ከወጣ በኋላ ከ1951 እስከ 1953 ለሴንት ሉዊስ ብራውንስ ተጫውቶ፥ በ1952ና በ1953 ከሊጉ ምርጦች መካከል ተመርጧል። በሴፕቴምበር 25 ቀን 1965፥ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፥ የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ባለቤት አንድ ጨዋታ እንዲወረውር ጋበዘው። ተመልካቹን ለማሳቅ ተብሎ በሜዳው ዳር የሚወዛወዝ ወንበር ቀረበለት፥ አንዲት ነርስም አጠገቡ ቆመች። ተራው ሲደርስ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ለቦስተን ወጣቶች ሦስት ዙር ወረወረ፤ ነጥብ አላስገባም፥ ኳሱንም በሚገባ የመታበት ሰው አንድ ብቻ ነበረ። ሊሥቅ የመጣው ሕዝብ አጨብጭቦ ተመለሰ።

ይህ ሰው እንግዲህ ከሦስት ዓመት በኋላ ጡረታ ሲፈልግ፥ በዋናዎቹ ሊጎች ያገለገለው ጊዜ ደንቡ ከሚጠይቀው አምስት ዓመት በ158 ቀን ጐደለ። አርባ ዓመት ያህል የወረወረ ክንድ በ158 ቀን ጐደለ! በጥቁሮች ሊግ የሠራው ዘመን አንድ ቀን እንኳ አልተቈጠረለትም ነበርና። በ1968 የአትላንታ ብሬቭስ ባለቤት ጐዶሎው ቀን እንዲሞላለት ብሎ በቡድኑ መዝገብ አስገባው፤ በአንድም የሊግ ጨዋታ ሳይወረውር ቀኑ ሞላለት። መዝገብ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሲወረውር የኖረበትን ሳይቈጥር ተቀምጦ የዋለበትን ይቈጥራል። የአትላንታው ሰው ግን ደንቡን ሳይጥስ ለሰው የሚሆን ቀዳዳ ስለ ፈለገ ሊመሰገን ይገባዋል። ደንብ የሚያስፈጽም ሰው ብልኀቱን ለመከልከል ብቻ ሳይሆን ለመስጠትም ሊያውለው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስለ ክብሩም ነገር እንዲሁ ነው። በ1966 ታላቁ መቺ ቴድ ዊልያምስ ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ በገባበት ቀን፥ ዕድል ስላልተሰጣቸው ብቻ ከዚያ የቀሩት ፔጅና ጊብሰን አንድ ቀን እንዲገቡ ተመኝቶ ተናገረ። ለራሱ ክብር በተሰጠው ሰዓት የሌላውን ጐዶሎ ማንሣት የጨዋ ሰው ሥራ ነው። በ1971 ፔጅ ተመረጠ፤ መጀመሪያ ግን የጥቁሮች ሊግ ሰዎች ስም ለብቻው በተለየ ክፍል ይቀመጥ የሚል አሳብ ነበረ። ብዙ ሰው ይህን በመቃወሙ አሳቡ ተለውጦ በኦገስት 9 ቀን 1971 ከሌሎቹ ጋር እኩል ገባ። ጊብሰንም በሚቀጥለው ዓመት፥ ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፥ ተከተለው። ፔጅ በጁን 8 ቀን 1982 በካንሳስ ሲቲ ዐረፈ።

የመጨረሻው እርማት የመጣው ደግሞ እርሱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዲሴምበር 2020 የቤዝቦል አስተዳደር ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት የጥቁሮች ሊጎች እንደ ዋና ሊግ እንዲቈጠሩ ወሰነ፤ በሜይ 2024ም አኃዞቻቸው ከጠቅላላው መዝገብ ጋር ተዋሕደው፥ ጊብሰን በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ የሁሉ የበላይ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ መዝገቡን የሚገልጥ ሰው ፔጅ በዋና ሊግ መወርወር የጀመረው በአርባ ሁለት ዓመቱ ሳይሆን በወጣትነቱ መሆኑን ያነባል።

እኛ ይህን እርማት ዋጋ የለውም አንልም። እውነት ዘግይታ ብትመጣም ከውሸት ትሻላለች፤ ለልጅ ልጆችም የአባታቸው ስም በትክክለኛው መስመር ላይ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቀለም የተረሳውን ስም ይመልሳል እንጂ፥ በሃያ አምስት ዓመቱ የነበረውን ክንድ አይመልስም፤ በመኪና ውስጥ ያደሩትን ሌሊቶች አያሞቅም። ከዚህም የተነሣ በልባችን ያደረው አሳብ የሚከተለው ነው፤ የጠበቀ ሰው ትዕግሥቱ የራሱ ክብር ነው፤ ያስጠበቀው ግን ከዚያ ክብር ተካፋይ ሊሆን አይችልም። ብዙ ጊዜ በሩን ዘግቶ የቈየ ሰው፥ ሲከፍተው የሚያጨበጭብለት ይፈልጋል።

ለተማሪዎቻችን ከፔጅ ሕይወት የምናቀርበው ምክር፥ በሩ እስኪከፈት ሥራችሁን አታቁሙ የሚል ነው። ፔጅ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ወረወረ፤ ሲታመም እንኳ አዲስ ብልኀት ተማረ፤ ስለዚህ የጠሩት ቀን ባዶ እጁን አልተገኘም። መዝገብና ማኅተም በእጃቸው ላለ ጓደኞቻችን ደግሞ የምንለው ሌላ ነው። በየጠረጴዛችን ላይ የተከመረው ወረቀት የሰው ዘመን ነው። አንዱን ፋይል ለሚቀጥለው ሳምንት ስናሳልፈው ለእኛ አንድ ሳምንት ነው፤ ለባለጉዳዩ ግን ምን ያህል እንደ ሆነ የምናውቀው ሥራው የሚቈይበትን ዘመን ስናውቅ ብቻ ነው። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ የተሸከሙት መዝገብ ከባድ ነበረ፤ የፔጅም ኳስ በየገጠሩ ሜዳ ፈጣን ነበረች። ሁለቱም ነገሮች እውነት የነበሩት ከመቈጠራቸው በፊት ነው።